«ራሱን በራሱ ስካን እያደረገ ነው» ብለው ሳቁብኝ

ደብዳቤው ባጭሩ፦

«የኮምፒውተር ደኅንነት በራሴ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኑኝ። ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭኜ ካሊ ሊኑክስ የሚባለውን የደኅንነት መፈተሻ ሲስተምና ሜታስፕሎይታብል 2 የሚባለውን የመለማመጃ ማሽን አስገባሁ። ኔትወርክ ላይ ያሉ ማሽኖችን የሚፈትሸው (ስካን የሚያደርገው) ኤንማፕ ግን ምንም አላገኘልኝም። ብዙ የደኅንነት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ውስጥ ገብቼ ‹ኤንማፕ አልሠራ አለኝ፤ አንድ ማሽን ሃክ ማድረግ ፈልጌ ነበር፤ እባካችሁ እርዱኝ› ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ‹ጉግል የሚባል ነገር አልሰማህም?› አለኝ። ሌላው ‹ስክሪፕት ኪዲ› ብሎ ሰደበኝ። ሦስተኛው ‹ራሱን በራሱ ስካን እያደረገ ነው፣ ሃሃሃ› ብሎ አሳቀብኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥያቄዬ ተዘጋ። ማታ ግን አንድ ሰው በውስጥ መስመር ‹እነሱን ተዋቸው፣ እኔ አስተምርሃለሁ› ብሎ አጽናናኝና የመማሪያ መሣሪያ ነው ያለውን ዚፕ ፋይል ላከልኝ። አውርጄዋለሁ፣ ገና አልከፈትኩትም። ይህ ሙያ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም ማለት ነው? ሰውየውንስ ልመነው? የሁለቱም ማሽን አድራሻ 10.0.2.15 ይላል፤ ምናልባት ከጠቀማችሁ ብዬ ነው።»

ፊት የተነሳሁት

ውድ ጠያቂያችን፣

በቅድሚያ ፋይሉን አይክፈቱት። ወደ እሱ ኋላ እንመለስበታለን፤ እስከዚያው ባለበት ይቀመጥ።

ቀጥሎ አንድ የማይጥም ነገር እንንገርዎት። ከሦስቱ መላሾች ትክክለኛውን መልስ የሰጠዎት ያ ያሳቀብዎት ሰው ነው። ካሊዎ በእርግጥም ራሱን ስካን እያደረገ ነው። ቨርቹዋልቦክስ አዲስ ለሚፈጠር ማሽን ሁሉ፣ እርስዎ ካልቀየሩት በስተቀር፣ የሚሰጠው የኔትወርክ ዓይነት ኤንኤቲ ነው። በኤንኤቲ እያንዳንዱ ማሽን ከሌላው ተነጥሎ ለብቻው ኔትወርክ ይሰጠዋል፤ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ሌላውን ቨርቹዋል ማሽን ግን አያይም። ኔትወርካቸው የየብቻ ስለሆነም ለሁሉም ያው አንድ አድራሻ፣ 10.0.2.15፣ ቢታደል አይጋጭም። እርስዎ ከካሊ ሆነው ይህን አድራሻ ስካን ሲያደርጉ መልስ የሰጠው ካሊ ራሱ ነው። አዲስ በተጫነ ካሊ ላይ ግንኙነት የሚጠባበቅ አገልግሎት ስለማይኖር ኤንማፕ በነባሪነት የሚፈትሻቸው 1000 ፖርቶች (ፕሮግራሞች ግንኙነት የሚቀበሉባቸው ባለ ቁጥር በሮች) በሙሉ ዝግ ናቸው ይላል። «ምንም አላገኘም» ያሉት ይህን ከሆነ፣ አግኝቷል። «ዝግ» ማለት ማሽኑ አለ፣ መልስም ሰጥቷል፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም ማለት ነው። ሜታስፕሎይታብል 2 ደግሞ ሆን ተብሎ ብዙ ፖርት ክፍት ሆኖ የተሠራ ነው። ሁሉም ዝግ ነው የሚል መልስ ሲያዩ የተፈተሸው ሌላ ማሽን መሆኑን መጠርጠር ነበረብዎት።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱንም ማሽኖች ያጥፉ። በየማሽኑ ቅንብር ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ከፍተው የመጀመሪያውን አዳፕተር ከኤንኤቲ ወደ ሆስት ኦንሊ (ማሽኖቹን እርስ በርስና ከላፕቶፑ ጋር ብቻ ወደሚያገናኘው) ይቀይሩት፤ ሁለቱም ያንኑ አንድ የሆስት ኦንሊ ኔትወርክ መምረጣቸውን ያረጋግጡ። መልሰው ሲያስነሷቸው፣ ቅንብሩ ካልተነካካ፣ በ192.168.56 የሚጀምር አድራሻ ያገኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ከ101 ወዲያ ነው። ካሊ ፕሮግራሞቹን ለማደስ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልገው ለእሱ ብቻ ሁለተኛ አዳፕተር በኤንኤቲ ይጨምሩለት። ሜታስፕሎይታብልን ግን በምንም ምክንያት ብሪጅድ ወደሚለው አይቀይሩት። ብሪጅድ ሲሆን ላፕቶፕዎ ባለበት ዋይፋይ ላይ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይታያል፤ ያ ሁሉ ቀዳዳው እዚያ ዋይፋይ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ክፍት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስድቡ እንምጣ። በነዚህ ቡድኖች ውስጥ ጀማሪ ፊት የሚነሳባቸው ምክንያቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ለይቶ ማወቁ ይበጃል፤ አንዳንዱ በእርስዎ አጻጻፍ ይድናል፣ አንዳንዱ ምንም ቢያደርጉ አይድንም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። «አንድ ማሽን ሃክ ማድረግ ፈልጌ ነበር» ብለው ሲጽፉ የማን ማሽን እንደሆነ አልተናገሩም። እርስዎ የራስዎን መለማመጃ ነው ያሰቡት፤ አንባቢው ግን የፍቅረኛውን ስልክ መሰለል የሚፈልግ፣ የጎረቤቱን ዋይፋይ ሊሰርቅ ያሰበ፣ የመምህሩን ኢሜይል ለመክፈት የቸኮለ ሰው በየቀኑ በዚያው ቃል ሲጠይቀው ይውላል። የማያውቁት ሰው ቁልፍ ሠሪን መንገድ ላይ አስቁሞ «በር እንዴት ይከፈታል?» ቢለው የሚያገኘውን ፊት ያስቡት። ፍርሃቱ ባዶም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የቡዳፔስት ስምምነት ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ብቻ ሳይሆን ሆን ብሎ በዚያ መርዳትንም ፈራሚ አገሮች ወንጀል አድርገው እንዲደነግጉ ያዛል። በመሆኑም ብዙ ቡድኖች ይህን በደንባቸው ጽፈው ያስቀምጣሉ። ለምሳሌ ኢንፎርሜሽን ሴኪዩሪቲ ስታክ ኤክስቼንጅ የተባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የአንድን የተወሰነ ሲስተም ጥበቃ እንድንሰብር የሚጠይቅ ጥያቄ አንቀበልም ይላል። የእርስዎ ጥያቄ በሩብ ሰዓት የተዘጋው ከዚህ ጋር ተመሳስሎባቸው ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ስለ እርስዎ ችሎታ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው መሰልቸት ነው። «አልሠራ አለኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመላሹ ምንም አይነግረውም። ሊረዳዎት የፈለገ ሰው እንኳ ምን ትዕዛዝ ሰጡ፣ ምን መልስ መጣ፣ ኔትወርኩ ምን ዓይነት ነው እያለ አምስት ጊዜ መጠየቅ አለበት። መላሾቹ ደግሞ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የሚገርመው ያ አምስቱን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ቁጥር በእርስዎ እጅ ነበር፤ ለእኛ በጻፉት ደብዳቤ ማለቂያ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገውታል።

ሦስተኛው ትዕቢት ነው፣ ስለ እሱ ብዙ አንልም። ትናንት የተማረውን ዛሬ ያላወቀ ሰው ሲያገኝ ከፍ ያለ የሚመስለው ሰው በየሙያው አለ። ይህ ሙያ ላይ የሚበዛው በቅጽል ስም ስለሚጻፍና «ሌላው ያላየውን አየሁ» ማለት ክብር የሚያስገኝበት ስለሆነ ነው። «ስክሪፕት ኪዲ» የሚባለው ሌሎች የሠሩትን መሣሪያ አሠራሩን ሳያውቅ ለጥቃት የሚጠቀም ሰው ነው። በገዛ ላፕቶፑ የመለማመጃ ማሽን ጭኖ ለምን እንዳልሠራ የሚጠይቅን ሰው እንዲህ ማለት የቃሉን ትርጉም ራሱ አለማወቅ ነው።

ጥፋቱ የጀማሪ ብቻ እንዳልሆነ ትልልቆቹም አምነዋል። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ለአዲስ ገቢዎች የማይመች ቦታ መሆኑን በይፋ ተናግሮ በዚያው ዓመት የሥነ ምግባር ደንቡን ለወጠ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም በመስከረም 2018 ለዓመታት ለሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሠሪዎች ሲጽፋቸው ለነበሩት ሻካራ መልእክቶች ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሏል። ይህን ዓምድ ለሚያነቡ መላሾችም አንድ ቃል፦ «ማንዋሉን አንብብ» ካሉ የትኛውን ክፍል እንደሆነ ይጨምሩ። «የኤንማፕ ማንዋል ስለ ስድስቱ የፖርት ሁኔታዎች የሚለውን ክፍል ተመልከት» ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ለስድቡ ከፈጀው አይበልጥም።

ያንኑ ጥያቄ እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ርዕስ፦ ኤንማፕ በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ያለውን ሜታስፕሎይታብል 2 አያገኘውም፤ ሁለቱም ማሽኖች 10.0.2.15 ያሳያሉ።

በራሴ ላፕቶፕ ላይ ለመለማመጃ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ጭኛለሁ፤ አንዱ ካሊ፣ ሌላው ሜታስፕሎይታብል 2። የሁለቱም ኔትወርክ ኤንኤቲ ነው። ከካሊ ሆኜ 10.0.2.15ን ያለ ምንም ተጨማሪ አማራጭ በኤንማፕ ስካን አደረግሁ። ክፍት ፖርቶች ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን 1000ውም ዝግ ናቸው የሚል ነው። ሙሉው ውጤት ከታች አለ። ሁለቱንም አጥፍቼ አስነሥቻለሁ፤ ሜታስፕሎይታብል ገብቼ አድራሻውን ሳየው ከካሊ ጋር አንድ ነው። ሁለት ማሽን አንድ አድራሻ መያዙ ችግሩ ይሆን? ከሆነ ምን ልቀይር?»

ይህን ሲጽፉ ግማሽ መንገድ ላይ መልሱ ራሱ ሊመጣልዎ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ካልመጣም አንባቢው የማሽኑን ባለቤት፣ የሞከሩትን፣ የጠበቁትንና የሆነውን በአንድ ጊዜ አገኘ። የሚጠረጥረውም፣ የሚሰለቸውም ነገር አልቀረለትም። «እባካችሁ»ና «ጀማሪ ነኝ፣ አትስደቡኝ» የሚሉት ቃላት አለመኖራቸውን ልብ ይበሉ። አስቀድሞ መለማመጥ ከሰዳቢው አያድንም፤ ሊረዳ የመጣውንም ያሳቅቃል። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?» ብሎ መጠበቅም እንዲሁ ነው፤ በቀጥታ ይጠይቁ።

ውጤቱን በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይለጥፉ፤ መላሹ ከፎቶ ላይ ቃል ቀድቶ መፈለግ አይችልም። በብዙዎቹ መድረኮች በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን ምልክት ሦስት ጊዜ ከጽሑፉ በፊት፣ ሦስት ጊዜ ከጽሑፉ በኋላ ቢያስገቡ መስመሮቹ ሳይዛቡ ይወጣሉ። ከመለጠፍዎ በፊት ግን ያጣሩት። በ10፣ በ192.168 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩ አድራሻዎች የውስጥ ስለሆኑ ቢታዩ ጉዳት የለውም። የኢንተርኔት አድራሻዎን፣ ኢሜይልዎን፣ የብራውዘር ኩኪን (ድረ ገጽ እርስዎን የሚያውቅበትን የመግቢያ ምልክት) ግን ይሸፍኑ። የልምምድ ድረ ገጾች የሚሰጡትን የቪፒኤን ፋይል በሙሉ ገልብጦ የሚለጥፍ ጀማሪ አይጠፋም፤ በውስጡ የእርስዎ የግል ቁልፍ ስላለ ያገኘው ሰው በእርስዎ ስም ይገባል።

ሌላ ብዙ ጀማሪ ሳያውቅ የሚረግጠው ፈንጂ አለ። የልምምድ ውድድሮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሃክ ዘ ቦክስ በሚባለው የልምምድ ድረ ገጽ ላይ ገና በሥራ ላይ ያለ ማሽን እንዴት እንደሚፈታ በይፋ መጻፍ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ጡረታ ለወጡት ብቻ ነው። ውድድር እየተካሄደ ስለ ፈተናው መጠየቅም ማጭበርበር ነው። ጥያቄዎ ያለ ማብራሪያ ተሰርዞ ካገኙት መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

ስለ ካሊ ደግሞ አንድ ነገር። አንዳንዱ «ካሊ ለአንተ አይሆንም» ብሎ ሲያንጓጥጥ ይሰማል። አነጋገሩ ያስቀይማል፣ ነገሩ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የካሊ አዘጋጆች ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው መነሻ እንዲሆን አይመክሩትም። መሣሪያዎቹ ስለተከማቹበት የሚቀል ይመስላል፤ ኔትወርኩ ሲበላሽ ግን ጥፋቱ የሊኑክስ ይሁን የመሣሪያው መለየት ያቅትዎታል። ከ2020 በፊት የተጻፉ የካሊ መማሪያዎችም ያደናግራሉ፤ ያኔ ተጠቃሚው በቀጥታ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ይገባ ነበር፣ ከ2020 የመጀመሪያው እትም ጀምሮ ግን በተራ ተጠቃሚ ነው የሚገባው። በመማሪያው የሠራው ትዕዛዝ በእርስዎ ማሽን ላይ «አልተፈቀደም» ካለ ሱዶ (sudo) የሚለውን ከፊቱ ይጨምሩ። የሊኑክስ ትዕዛዞችን ለመልመድ ኦቨርዘዋየር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ባንዲት የሚለው ልምምድ ነጻ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ የሚገቡት በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ ዘዴ) በፖርት 2220 ነው። ለድረ ገጽ ደኅንነት የፖርትስዊገር አካዳሚ፣ ለውድድር ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፒኮሲቲኤፍ አለ፤ እነሱም ያለ ክፍያ ናቸው።

ቡድን ሲመርጡ በአባላት ብዛት አይፍረዱ። ከመጠየቅዎ በፊት ጀማሪዎች በቅርቡ የጠየቋቸውን ሃያ ያህል ጥያቄዎች ያንብቡ። ዝርዝር ጨምሮ የጻፈ ጀማሪ መልስ አግኝቷል? ስድብ ሲጻፍ አወያዮቹ ያነሱታል ወይስ አብረው ይስቃሉ? በደንብ የተጻፈ ጥያቄ የሚሰደብበት ቡድን ከሆነ ለቀው ይውጡ፤ እዚያ ጨዋነት ለመማር የሚቆይበት ምክንያት የለም። የጥያቄና መልስ ድረ ገጽና የውይይት ክፍልንም አያምታቱ። «ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ይዘጋል፣ በሁለተኛው ይወደዳል። የተዘጋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ታርሞ ሊከፈት ይችላል፤ እዚያው ያስተካክሉት እንጂ ያንኑ ደግመው አይለጥፉ። መልስ እስኪመጣ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቁ፤ የሚያውቀው ሰው ተኝቶ ይሆናል።

ስድብ ሲመጣ ለስድቡ መልስ አይስጡ፤ ውስጡ ፍንጭ ካለ ግን ይልቀሙት። ለዚያ ለሚስቀው ሰው «አዎ፣ ሁለቱም 10.0.2.15 ይላሉ፤ ታዲያ እንዴት ልለያቸው?» ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ እሱ ባይመልስ እንኳ ሌላ ሰው ይመልስ ነበር። ችግሩ ሲፈታም መፍትሔውን እዚያው ጽፈው ይተዉት፣ ጥያቄውን አያጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስምዎን ያዩት ሰዎች ፈጥነው ይመልሱልዎታል።

ሙያው ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ከአንድ ምሽት ሳቅ አይታወቅም። ማሽኖቹን ራስዎ ጭነዋል፣ ያልጠበቁት ውጤት ሲመጣ ዝም ብለው አላለፉትም፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። እኛን ከሰዳቢዎቹ ይልቅ ያሳሰበን እሱ ነው። የተዋረደ ጀማሪን በውስጥ መስመር ማጽናናት የታወቀ ማጥመጃ ነው። በደኅንነት መሣሪያ ስም የሚመጣ ፋይል ደግሞ ይመቻል፤ ጸረ ቫይረሱ ሲጮህ «ሃኪንግ ቱል ስለሆነ ነው፣ አጥፋው» ማለት ይቻላል። ልምድ ያላቸውም ይጠመዳሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ጉግል እንዳስታወቀው፣ ከሰሜን ኮሪያ መንግሥት ጋር የተያያዙ አጥቂዎች ተመራማሪ መስለው ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ሲወዳጁ ቆይተው «አብረን እንሥራ» በማለት ተንኮል ያለበት የቪዡዋል ስቱዲዮ (የፕሮግራም መሥሪያ) ፕሮጀክት ልከውላቸዋል።

ሰውየው በእርግጥ ደግ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ «በዋናው ቡድን ውስጥ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስረዳኝ» ማለት ነው። አስተማሪ ከሆነ አይከፋውም። ዚፑ የይለፍ ቃል ካለውና ቃሉን ለብቻው ከላከልዎት ጥርጣሬዎን ያብሱት፤ እንዲህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ፍተሻ ውስጡን እንዳያይ ነው። «ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ልክፈተው» እንዳይሉም፦ የጋራ ፎልደር ወይም የጋራ ክሊፕቦርድ በርቶ ከሆነ ወደ ላፕቶፕዎ መንገድ አለው፤ በዋናው ሲስተም የገለበጡትን የይለፍ ቃል ሊያነብ ይችላል።

ሳይከፍቱ መመርመር ከፈለጉ ሊኑክስ ላይ «sha256sum» በሚለው ትዕዛዝ የፋይሉን ሃሽ (እንደ ጣት አሻራ ፋይሉን የሚለይ ኮድ) ያውጡና ሃሹን ብቻ ፋይሎችን በብዙ ጸረ ቫይረስ በሚፈትሸው ድረ ገጽ፣ ቫይረስቶታል ላይ ይፈልጉ። ተንኮለኛ ነው ካለ ነገሩ አለቀ። አላውቀውም ካለ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ ፋይልም ማንም አያውቀውም። በሁለቱም መልስ ያጥፉት።

ይህን ከማንበብዎ በፊት ከፍተውት ከሆነ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ያላቅቁ። በሌላ ንጹሕ መሣሪያ መጀመሪያ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ የሌሎቹ አካውንቶች ቃል የሚታደሰው በእሱ ነውና። ቀጥሎ በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ። የብራውዘር ኩኪ ተሰርቆ ከሆነ ሌባው ያለ ይለፍ ቃልም፣ ያለ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ገብቶ ይቆያልና ይህን እንዳያልፉት። ከዚያ ላፕቶፑን አጽድተው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከነበረው ላይ ሳይሆን እንደ አዲስ ይጫኑ፤ የሚመልሱት ሰነዶችዎንና ፎቶዎችዎን እንጂ ፕሮግራሞችን አይሁን።

ከፍተውትም ሆነ ሳይከፍቱት ለቡድኑ አወያዮች የሰውየውን የአካውንት ስም፣ የመልእክቱን ቅጂና ሃሹን በግል ይላኩላቸው። ፋይሉን ራሱን ግን ለማንም አያስተላልፉ።